ሽጉጥ ለመግዛት ቀድሞ ፈቃድ፣ ቀጥሎ ዋጋ

ከኦክቶበር 7 ቀን 2023 ወዲህ በመላ አገሪቱ የጦር መሣሪያ ፈቃድ ጠያቂው በዝቷል። በሺምሾን ሰፈር ልጃችሁ «ሽጉጥ ልግዛ» ካላችሁ፣ ከሱቁ በፊት ፈቃዱን ጠይቁት። ፈቃድ የሚሰጠው የብሔራዊ ደኅንነት ሚኒስቴር ነው፤ የቤተሰብ ሐኪም የሚፈርምበት የጤና መግለጫም ይፈለጋል። ሳይፈቀድ ቀብድ አይከፈልም።

ገንዘብ ለሚቆጥብ ሰው እኛ የምንመርጠው ባለ 9 ሚሊ ሜትሩን ነው። ጥይቱ በየተኩስ መለማመጃው ይገኛል፣ ከትላልቆቹም ይረክሳል። በጣም ትንሿ ሽጉጥ ለመያዝ ብትቀልም ስትተኮስ እጅን በኃይል ትገፋለች፤ ለጀማሪ አትመችም።

ሒሳቡ በሽጉጡ ብቻ አያበቃም፤ ሥልጠና፣ ጥይት፣ አፎትና ካዝና አለ። ከአፎቱ ቆጥቡ፣ ከካዝናው ግን አትቆጥቡ። ትራስ ሥርም ሆነ ቁም ሣጥን ላይ የተደበቀውን የልጅ ልጆች ያገኙታል። የካዝናው ቁልፍ ከባለፈቃዱ እጅ አይውጣ፤ ለአያትም ቢሆን አይሰጥ።