አንድ ኮምፒዩተር፣ ሁለት አድራሻ

በቂርያት ማላኺ የሚኖር አንድ ቤተሰብ ጠርቶን ሄደን ነበር። ጌዴራ ያሉት አክስታቸው የቆየ ማተሚያ (ማድፔሴት) ሰጥተዋቸዋል። ልጅቷ የቤት ሥራዋን፣ አባቷም ለቢቱዋሕ ሌዑሚ የሚሞሉትን ቅጽ የሚያትሙበት እሱ ብቻ ነው። የአጎቷ ልጅ ከያቭኔ መጥቶ ማተሚያውን ካስነሳላቸው ወዲህ ግን አንዳንድ የኢንተርኔት ገጾች አልከፈት አሉ። አንድ ቴክናይ «ኮምፒዩተሩ አልቆለታል፣ አዲስ ግዙ» ብሏቸዋል።

ኮምፒዩተሩ ደኅና ነው። የቤታቸው ራውተር አድራሻ 192.168.1.1 ሲሆን፣ ማተሚያው በጌዴራ የተሰጠውን 10.0.0.50 እንደያዘ መጥቷል። ስለዚህ ልጁ ለኮምፒዩተሩ ከ192.168.1.20 በተጨማሪ 10.0.0.20 የሚል ሁለተኛ አድራሻ ሰጠው። በዚህ አላጠፋም። ስሕተቱ ማስኩ ላይ ነው።

የቂርያት ማላኺ፣ የጌዴራና የያቭኔ የቤት ስልክ ሁሉ በ08 ይጀምራል፤ ቁጥሩን አይተን የአካባቢያችን መሆኑን እናውቃለን። ለኮምፒዩተር ይህን የሚነግረው ማስክ ነው። 255 ያለበት ቦታ ሰፈሩን፣ 0 ያለበት የቤቱን ቁጥር ያመለክታል። በ255.255.255.0 ሰፈሩ 192.168.1፣ ቤቱ 20 ነው። ልጁ ግን ለሁለቱም አድራሻዎች 255.0.0.0 ጻፈ። ያን ጊዜ ኮምፒዩተሩ በ192 የሚጀምር ሁሉ፣ ባሕር ማዶ ያለው ሳይቀር፣ እዚያው ሳሎን ውስጥ ያለ መሰለው። ወደ ራውተሩ መላኩን ትቶ እቤት ውስጥ ይጣራል፤ ማን ይመልስለት! በሌላ ቁጥር የሚጀምሩት ገጾች ግን ይከፈታሉ።

ለሁለቱም 255.255.255.0 ጻፍን፤ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ጌትዌይ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ራውተሩ፤ በ10 ለሚጀምረው አድራሻ ሌላ አያስፈልግም። (በ10 እና በ192.168 የሚጀምሩ ቁጥሮች በ1996 በወጣው ደንብ ለቤትና ለመሥሪያ ቤት የተተዉ ናቸውና፣ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ይኸው ቁጥር ቢገኝ አትደነቁ።)

ራሳችሁ የምትሞክሩ፣ አስቀድማችሁ የነበሩትን ቁጥሮች ወረቀት ላይ ጻፉ። በዕብራይስጡ ዊንዶውስ የመጀመሪያውን አድራሻ በእጅ ከሞላችሁ በኋላ «ሚትካዴም» የሚለውን ተጭናችሁ ሁለተኛውን ከነማስኩ ጨምሩ። ሌላ መሣሪያ የያዘውን ቁጥር አትስጡ። እንዲህ ያለ ማተሚያ የሌላችሁ ደግሞ በአውቶማቲክ ይቆይ፣ አትነካኩት።

ልጅቷ ቁጥሮቹን ጽፋ ራውተሩ ላይ ለጥፋዋለች።