የስፒከር ሣጥን ከየትኛው እንጨት ይሠራ?

ስፒከር በገዛ እጁ ለመሥራት የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ጥሩ ድምፅ የሚሰጠው የትኛው እንጨት ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ለበገና ሠሪ እንጂ ለስፒከር ሠሪ አይሆንም። የበገና ገበታ ከአውታሩ ጋር አብሮ እንዲርገበገብ ታስቦ ይሠራል፤ ስፒከር ላይ ግን መርገብገብ ያለበት ኮኑ ብቻ ነው። የሣጥኑ ግድግዳ አብሮ ከተንቀጠቀጠ ዘፋኙ ያላወጣውን ድምፅ ከራሱ ይጨምራል፤ ባሱ ይዝረከረካል፣ ቃሉም ይደበዝዛል። ስለዚህ ከእንጨቱ የምንፈልገው ዝምታ ነው። ዝምታውን ደግሞ ከእንጨቱ ስም ይበልጥ የሚወስኑት ውፍረቱና የሣጥኑ አሠራር ናቸው።

የአንድ ቦርድ ግትርነት ከውፍረቱ ጋር እኩል አያድግም፤ በውፍረቱ ሦስተኛ ርቢ ነው የሚያድገው። 12 ሚሊ ሜትር የነበረው ግድግዳ 18 ቢሆን ግትርነቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ይጨምራል። አራቱም ጎኑ እኩል የሆነን ግድግዳ ከውስጥ በአንድ ማገር መሃሉን ብንይዘው ደግሞ የሚንቀጠቀጥበት ድግግሞሽ ወደ ሁለት እጥፍ ተኩል ከፍ ይላል፤ ባሱም በቀላሉ አይቀሰቅሰውም። ከቁርጥራጭ የሚወጣ ማገር ይህን ያህል ከሠራ፣ ውድ እንጨት ፍለጋ መባከን ምን ይሉታል? ልዩነቱን በጆሮ ማረጋገጥም ይቻላል። የግድግዳውን መሃል በጣት አንጓ ቆርቆር ሲያደርጉት ማገር የሌለው ያስተጋባል፤ ማገር ያለው አጭርና ደረቅ ድምፅ ሰጥቶ ያቆማል።

ይህን የሚቃወም ማስረጃ አለ፤ ቀላልም አይደለም። ቢቢሲ በአውሮፓውያኑ 1970ዎቹ ለስርጭት መኪኖቹ የነደፈው ታዋቂው ኤልኤስ 3/5ኤ ስፒከር ግድግዳው 12 ሚሊ ሜትር የበርች ኮምፔርሳቶ ነበር። ቀጭን ነው፤ ግን ውስጡ ንዝረትን የሚውጥ የሬንጅ ንጣፍ ተለጥፎበታል፤ ሣጥኑም ትንሽ ነው። መሐንዲሶቹ ንዝረቱን በመሣሪያ እየለኩ ነው የሠሩት። መለኪያ ለሌለው የቤት ሠሪ ውፍረትና ማገር የተሻለ ዋስትና ናቸው። ያም ሆኖ ስፒከሩን ያስከበረው የበርች ስም ብቻ እንዳልነበር ይኸው ታሪክ ያሳያል።

ለሳሎን ስፒከር የእኔ ምርጫ 18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ ነው። አንድ ወጥ ስለሆነ የስፒከሩ ቀዳዳ ሲቆረጥ ጠርዙ አይሰነጠርም፤ ከባድም ነው፤ 1.22 በ2.44 ሜትር የሆነው ሙሉ ቦርድ ወደ 40 ኪሎ ይመዝናል። ድክመቱ ውኃና ብሎን ነው። እርጥበት ከነካው ያብጣል፤ በጠርዙ በኩል ሳይበሱ ብሎን ካስገቡበት ለሁለት ይከፈላል። ስለዚህ ቀድሞ መብሳትና በኮላ መታመን ይሻላል። አቧራው ግን በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። ቦርዱ ብዙውን ጊዜ የሚጣበቅበት ሙጫ ፎርማልዲሃይድ አለበት፤ ይህን ኬሚካል በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋም በአውሮፓውያኑ 2004 ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። አፍና አፍንጫን በደንብ ሳይሸፍኑ፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ መጋዝ ማስነሣት አይገባም።

ለሠርግና ለጉባኤ እየተጫነ የሚመላለስ ስፒከር ከሆነ ፍርዴ ይለወጣል፤ ኮምፔርሳቶ ቀላል ነው፣ ብሎንም አጥብቆ ይይዛል። ከመግዛትዎ በፊት ጠርዙን በብርሃን ይዩት። በንብርብሮቹ መካከል ክፍተት ያለበት ርካሽ ቦርድ ከውስጡ ይንጫጫል፤ ቀለምም አያድነውም። ቺፑድ በድምፅ በኩል የሚናቅ አይደለም፤ ጠርዙ ስለሚፈረፈር ግን ለተደጋጋሚ ጉዞ አይሆንም።

«ዋንዛን የመሰለ እንጨት እያለ?» ለሚል፣ ዋንዛው ለቤት ዕቃ የተመሰገነ ነው። ነገር ግን ሙሉ እንጨት በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፤ ሰፊ ግድግዳ ሲሆን መጋጠሚያው ይላቀቅና በስንጥቁ አየር ያፏጫል። ውበቱን የሚወድ ሰው ስስ የዋንዛ ልባጥ በኤምዲኤፉ ላይ ይለጥፍ።