ከፊትም ከኋላም አንድ ሆኖ የሚነበብ ቃል በኮምፒዩተር እንዴት ይለያል?

በጅማ ከተማ መርካቶ አካባቢ በሚገኙ የንግድ ቤቶች ላይ የኦሮምኛው ቁቤና የግዕዝ ፊደል ጎን ለጎን ተጽፈው ይታያሉ። ለሸማቹ የተለመደው ይህ ሁኔታ ለፕሮግራም ጀማሪዎች ከሚቀርቡት ቀላል ጥያቄዎች አንዱን ያከብደዋል።

ጥያቄው አንድ ቃል ከፊትም ከኋላም ሲነበብ አንድ መሆኑን የሚለይ ፕሮግራም መጻፍን የሚመለከት ነው። እንዲህ ያለው ቃል ፓሊንድሮም ይባላል። ኮምፒዩተሩ የመጀመሪያውን ፊደል ከመጨረሻው፣ ሁለተኛውን ከመጨረሻው ቀዳሚ ጋር እያነጻጸረ ወደ መሐል ይገባል። ልዩነት ካገኘ ወዲያው ያቆማል፤ ሳያገኝ መሐል ከደረሰ ቃሉ ፓሊንድሮም ነው። ለ7 ፊደላት 3 ማነጻጸር ይበቃል።

አስቸጋሪው “ፊደል” የሚባለው ምን እንደሆነ አስቀድሞ መወሰኑ ነው። “አበባ” በላቲን ፊደል ሲጻፍ ኤ፣ ቢ፣ ኢ፣ ቢ፣ ኤ ስለሚሆን ፓሊንድሮም ነው፤ በግዕዝ ፊደል ግን አ እና ባ የተለያዩ በመሆናቸው አይደለም። በአንጻሩ “ንብን” (ለምሳሌ “ንብን አየ” ሲባል) በግዕዝ ፊደል ፓሊንድሮም ነው። “ለመለመ” ደግሞ ፓሊንድሮም ባይሆንም ሲገለበጥ “መለመለ” ይሆናል፤ የቡና አምራቹ ሁለቱንም ቃላት ያውቃቸዋል።

በቁቤም “ሽ”ን የመሳሰሉ ድምፆች በሁለት ምልክቶች ስለሚጻፉ፣ ምልክቶቹ ተነጣጥለው ከተገለበጡ ድምፁ ይጠፋል።

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። በብዛት በሚሠራበት ዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። በመሆኑም ፊደላቱን ሳይሆን ባይቶቹን የሚያነጻጽር ፕሮግራም “ንብን”ን እንኳ ፓሊንድሮም አይደለም ይላል።

ሞክሼ ፊደላትም አሉ። “ሳሳ” ፓሊንድሮም ሲሆን “ሣሳ” ተብሎ ቢጻፍ ለጆሮ ልዩነት የለውም፤ ለኮምፒዩተሩ ግን ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ጉዳዩ ከእንቆቅልሽ የሚያልፈው እዚህ ላይ ነው። በአንድ መዝገብ “ኃይሉ” ተብሎ የገባ ሰው “ሀይሉ” ተብሎ ቢፈለግ፣ ፕሮግራሙ ሞክሼዎቹን እንዲያውቅ ካልተደረገ በቀር እንዲህ ያለ ሰው የለም የሚል መልስ ይሰጣል።

ለዚህም የተለመደው መፍትሔ ከማነጻጸር በፊት ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ መለወጥ ሲሆን፣ ባለቤቱ የጻፈው ስም ግን በመዝገቡ ውስጥ እንዳለ ይቀመጣል።