ለሥራም ለጌምም የሚሆን ኮምፒውተር፦ ከመግዛት በፊት መታወቅ ያለባቸው ጉዳዮች

በጅዳ ሸረፊያ አካባቢም ሆነ በመካ የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ሠራተኞች ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ለመግዛት ሲያስቡ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ በላይ ዓላማ ይዘው ነው። ሰነድ መተየብና መተርጎም፣ ፎቶ ማስተካከል፣ የሠርግ ቪዲዮ ማቀናበርና የርቀት ትምህርት መከታተል በአንድ በኩል አለ፤ በሌላ በኩል ደግሞ በዕረፍት ሰዓት ራሳቸው ወይም ልጆቻቸው ጌም ይጫወቱበታል። ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ ለብዙዎች የወራት ቁጠባ ነው። ስለሆነም ክፍሎቹን እየመረጡ ኮምፒውተር ማስገጣጠም የሚያዋጣው እያንዳንዱ ክፍል የሚሠራውን ሥራ ለሚያውቅ ሰው ነው።

ጌም በሳዑዲ ዐረቢያ ከጊዜ ማሳለፊያነት አልፎ የኢኮኖሚ ዘርፍ ሆኗል። መንግሥቱ ብሔራዊ የጌምና የኤሌክትሮኒክ ስፖርት ስትራቴጂውን ይፋ ያደረገው እ.አ.አ. በመስከረም 2022 ሲሆን፣ በ2024 የበጋ ወራት በሪያድ የተካሄደው የኤሌክትሮኒክ ስፖርት የዓለም ዋንጫ ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሽልማት የቀረበበት ነበር። ይሁን እንጂ በገበያ ላይ «የጌም ኮምፒውተር» ተብሎ በደማቅ መብራት አጊጦ የሚቀርብ ሁሉ ለሥራ ይመቻል ማለት አይደለም።

ክፍሎቹና ተግባራቸው

ፕሮሰሰር ስሌቱን ሁሉ የሚያከናውን ክፍል ነው። ራም ሥራ ላይ ያለው ሰነድና ፕሮግራም ለጊዜው የሚቀመጥበት ሲሆን፣ ኮምፒውተሩ ሲዘጋ ባዶ ይሆናል። ኤስኤስዲ ወይም ሃርድ ዲስክ ፋይሉን በቋሚነት ያስቀምጣል። ግራፊክስ ካርድ ምስሉን አዘጋጅቶ ወደ ሞኒተር ይልካል። ማዘርቦርድ ሁሉንም ያገናኛል፤ ፓወር ሳፕላይ ደግሞ ከግድግዳው የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ለክፍሎቹ በሚስማማ መጠን ያከፋፍላል።

ሥራና ጌም የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። የዐረብኛና የአማርኛ ሰነድ ጎን ለጎን ከፍቶ የሚሠራ ተርጓሚ ውድ ግራፊክስ ካርድ አያስፈልገውም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት ውስጥ ከ1999 ጀምሮ ስለተካተተ፣ አማርኛ ለመጻፍ መካከለኛ አቅም ያለው ማሽን ይበቃል። ለዚህ ሠራተኛ 16 ጊጋባይት ራም፣ ፈጣን ኤስኤስዲና ሁለተኛ ሞኒተር ከማንኛውም ካርድ የበለጠ ይጠቅሙታል።

ቪዲዮ አቀናባሪ ግን ብዙ ኮር ያለው ፕሮሰሰር፣ 32 ጊጋባይት ራምና መጠነኛ ግራፊክስ ካርድ ያስፈልገዋል። ለጌም ደግሞ ወሳኙ ግራፊክስ ካርዱ ነው። ስለዚህ ቪዲዮ የሚያቀናብር ሰው ለሥራው የሚገዛው ማሽን ብዙ ሳይጨመርበት ለጌምም ያገለግላል። ጽሑፍ ብቻ የሚሠራ ሰው ግን ለጌም ሲል የሚያወጣው ገንዘብ ለሥራው የማይጨምርለት ተጨማሪ ወጪ መሆኑን አውቆ መወሰን ይኖርበታል።

የሞኒተሩ ጥራትም ወጪውን ይወስናል። ፎር ኬ የሚባለው ሞኒተር 1920 በ1080 ከሆነው መደበኛ ሞኒተር አራት እጥፍ ነጥቦች አሉት፤ ግራፊክስ ካርዱም በዚያው ልክ ይደክማል። አቅሙ ውስን የሆነ ገዢ መደበኛውን ሞኒተር ቢመርጥ መካከለኛ ካርድ ይበቃዋል።

የማይጣጣሙ ክፍሎች

በተለይ ያገለገሉ ዕቃዎችን ከተለያዩ ሻጮች የሚገዛ ሰው የሚጎዳው ክፍሎቹ ሳይገጣጠሙ ሲቀሩ ነው። ኤኤምዲ በ2022 ያወጣው ኤኤም5 የተሰኘው የፕሮሰሰር መቀመጫ የሚቀበለው ዲዲአር5 ራም ብቻ ነው፤ ከእርሱ በፊት የነበረው ኤኤም4 ደግሞ በዲዲአር4 ይሠራል። ከ12ኛ እስከ 14ኛ ትውልድ ላሉት የኢንቴል ፕሮሰሰሮች የተሠሩ ማዘርቦርዶች ከሁለቱ የትኛውን ራም እንደሚቀበሉ በየሞዴላቸው ይለያያሉ። ራሙ ርካሽ ሆኖ ተገኘ ብሎ ማዘርቦርዱን ሳያረጋግጡ መግዛት ገንዘብን በከንቱ ማውጣት ነው።

የዊንዶውስ ጉዳይም አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ድጋፍ ጥቅምት 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍል የሚጠይቅ ሲሆን፣ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በአብዛኛው የሚቀበለው ከ8ኛ ትውልድ ወዲህ ያሉትን ነው። በርካሽ የሚሸጡ አሮጌ የቢሮ ኮምፒውተሮች ሲቀርቡ የፕሮሰሰሩን ትውልድ መጠየቅ ይገባል። አንዳንዶቹም አነስተኛ አቅም ያለውና በልዩ ሶኬት የሚሰካ ፓወር ሳፕላይ ስላላቸው ኋላ ላይ ግራፊክስ ካርድ ለመጨመር አይመቹም።

127 ወይስ 220 ቮልት?

በጅዳና በመካ አሮጌ ሕንጻዎች 127 ቮልትና 220 ቮልት በአንድ ቤት ውስጥ ጎን ለጎን ይገኛሉ። የሳዑዲ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2010 የአገሪቱ ሥርጭት ደረጃ በደረጃ ወደ 230 ቮልት እንዲዛወር ቢወስንም፣ በቀድሞው አሠራር የተዘረጉ ቤቶች ዛሬም ሰው ይኖርባቸዋል።

በጥራት የተሠሩ የዛሬ ፓወር ሳፕላዮች ከ100 እስከ 240 ቮልት ያለውን ሁሉ ራሳቸው ለይተው ይቀበላሉ፤ ይህም በጎናቸው ባለው ምልክት ላይ ይጻፋል። ርካሽና አሮጌ የሆኑት ግን ከኋላቸው 115 እና 230 የሚል ትንሽ ማብሪያ አላቸው። ማብሪያው 115 ላይ እያለ ኮምፒውተሩ 220 ቮልት ላይ ቢሰካ ፓወር ሳፕላዩ ወዲያው ሊቃጠል፣ ሌሎች ክፍሎችንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ቁጠባ በፓወር ሳፕላይ ላይ መጀመር የለበትም።

የኃይሉን መጠን በተመለከተ፣ እንደ ኤንቪዲያ አርቲኤክስ 3060 ላለ መካከለኛ ካርድ አምራቹ የሚመክረው 550 ዋት ፓወር ሳፕላይ ነው። ከዚያ እጅግ የበለጠ መግዛት ኮምፒውተሩን አያፈጥነውም። የመብራቱ ወጪም ብዙዎች እንደሚፈሩት አይደለም። ኮምፒውተሩ 400 ዋት እየወሰደ በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ በ30 ቀን 96 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ለመኖሪያ ቤት እስከ 6000 ኪሎዋት ሰዓት በሚከፈለው የ18 ሃላላ ታሪፍ ሲሰላ 17 ሪያል ከ28 ሃላላ ነው፤ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታከልበት ወደ 20 ሪያል ይጠጋል። ክፍል ተጋርተው የሚኖሩ ሰዎች በመብራት ሒሳብ እንዳይጋጩ ይህን ስሌት አስቀድመው ቢነጋገሩበት ይበጃል።

ሙቀት፣ አቧራና እርጥበት

በጅዳ ሰኔ 22 ቀን 2010 የሙቀት መጠኑ 52 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ነበር። ፕሮሰሰርም ሆነ ግራፊክስ ካርድ ከተወሰነ ሙቀት ሲያልፉ ራሳቸውን ለመጠበቅ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። በዚህ ጊዜ ጌሙ መቆራረጥ፣ ቪዲዮውም መዘግየት ይጀምራል። ባለቤቱም ዕቃው የተበላሸ እየመሰለው ሌላ ለመግዛት ይነሣል፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚያስፈልገው አቧራውን ማጽዳትና አየር እንዲገባ ማድረግ ብቻ ነው።

ኬዙ ከፊቱ በመስታወት የተዘጋ ሳይሆን አየር የሚያስገባ ወንፊትና ሊወጣ የሚችል የአቧራ ማጣሪያ ያለው ይሁን። ቢያንስ አንድ ፋን ከፊት አየር እንዲያስገባ፣ አንዱ ከኋላ እንዲያስወጣ ይደረጋል። ማጣሪያውን በየወሩ፣ ከአቧራ ነፋስ በኋላም ወዲያው ማጽዳት ይመከራል። ኮምፒውተሩን ምንጣፍ ላይ ወይም ከግድግዳ አጣብቆ ማስቀመጥ አይገባም። ከኤርኮንዲሽን ቤት ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻው እርጥብ አየር የወጣ ማሽን በላዩም በውስጡም ጤዛ ሊይዝ ስለሚችል፣ ከተጓጓዘ በኋላ ሳይሰካ ለተወሰኑ ሰዓታት ማቆየት ጥንቃቄ ነው።

ግዢና ደረሰኝ

በጅዳ የኮምፒውተርና የሞባይል ዕቃ በብዛት ከሚሸጥባቸው ስፍራዎች አንዱ የፍልስጤም መንገድ ነው። ከመስማማት በፊት የተነገረው ዋጋ ታክስን ያካትት እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከሐምሌ 1 ቀን 2020 ጀምሮ ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ስለሆነ፣ ያለ ታክስ 2000 ሪያል የተባለ ዕቃ 2300 ይሆናል።

ደረሰኙ ላይ የእያንዳንዱ ክፍል ሞዴልና ዋስትና በዝርዝር ይጻፍ፤ «አንድ ኮምፒውተር» የሚል ደረሰኝ አንዱ ክፍል ሲበላሽ መከራከሪያ አይሆንም። በኢንተርኔት የተገዛ ዕቃ በ2019 በወጣው የኤሌክትሮኒክ ንግድ ሕግ መሠረት፣ ገዢው ካልተጠቀመበትና ሕጉ ከዘረዘራቸው ልዩ ሁኔታዎች ውጭ ከሆነ፣ በተረከበ በ7 ቀን ውስጥ ሊመለስ ይችላል። ቅሬታ ያለው ሰው ለንግድ ሚኒስቴር በ1900 ደውሎ ማመልከት ይችላል። ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ የሚገዛ ሰው ደግሞ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ካርዱ በከባድ ጌም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሲሠራ በዓይኑ ይይ።

ወደ አገር ቤት ሲወሰድ

ኮምፒውተሩ አንድ ቀን ወደ ኢትዮጵያ እንዲሄድ የታሰበ ከሆነ ምርጫው ከአሁኑ ይጀምራል። በኢትዮጵያ ያለው ኤሌክትሪክ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው፤ ከ100 እስከ 240 ቮልትና 50/60 ኸርዝ የሚል ምልክት ያለው ፓወር ሳፕላይ ያለ ችግር ይሠራበታል። ለ127 ቮልት ብቻ የተሠራ ስፒከር ወይም ሌላ ተጓዳኝ ዕቃ ግን እዚያ ሲሰካ ይቃጠላል። ለጉዞ ግራፊክስ ካርዱንና ከባድ የፕሮሰሰር ማቀዝቀዣውን ነቅሎ ለየብቻ መጠቅለል ያስፈልጋል፤ አለዚያ በመንገጫገጭ ማዘርቦርዱን ይሰብሩታል። የሥራ ፋይሎችም በተለየ ዲስክ ተገልብጠው በእጅ ሻንጣ ይያዙ።

ገንዘቡ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለመግዛት ካልበቃ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ይመረጣል፦ በመጀመሪያ አስተማማኝ ፓወር ሳፕላይ፣ ማዘርቦርድና ምስል ራሱ ማውጣት የሚችል ፕሮሰሰር፤ ከዚያ 16 ጊጋባይት ራምና ኤስኤስዲ። በዚህ ሥራው ይጀመራል። ግራፊክስ ካርዱ ቁጠባው ሲፈቅድ ይጨመራል፤ ማሽኑም እስከዚያው ለሥራ ያገለግላል።