ተጨማሪ መረጃ፦ የረጅም ጊዜ የመንግሥት ቦንድና የወለድ ለውጥ

የመንግሥት ቦንድ አንድ መንግሥት ከገዢዎች ገንዘብ ተበድሮ በየጊዜው የተወሰነ ወለድ፣ ማለትም ኩፖን፣ ለመክፈልና ዋናውን ገንዘብ በተቆረጠለት ቀን ለመመለስ ቃል የሚገባበት የዕዳ ሰነድ ነው። ኩፖኑ አብዛኛውን ጊዜ ስለማይለወጥ፣ የገበያው ወለድ ሲጨምር አነስተኛ ወለድ የሚያስገኘውን አሮጌ ቦንድ በሙሉ ዋጋው የሚገዛ አይገኝም፤ በመሆኑም መሸጫው ይወርዳል፣ ወለዱ ሲቀንስ ደግሞ ይወጣል፤ መመለሻው በራቀ ቁጥርም መዋዠቁ ይብሳል። ኦስትሪያ እ.ኤ.አ. በ2020 በ0.85 በመቶ ኩፖን የሸጠችው የመቶ ዓመት ቦንድ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በ1,000 ዩሮ የገዛ ሰው በዓመት 8.50 ዩሮ ብቻ የሚያገኝ ሲሆን፣ ገበያው 2 በመቶ ወለድ ቢጠይቅ የሰነዱ ዋጋ ወደ 500 ዩሮ ገደማ ይወርዳል፤ አንድ ዓመት ብቻ የቀረው ተመሳሳይ ቦንድ ግን 989 ዩሮ ያህል ያወጣል። የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ከሐምሌ 2022 ጀምሮ የዋጋ ንረትን ለመግታት ወለድ ሲያሳድግ፣ ቦንዱ በእርግጥም ከግማሽ ዋጋው በታች ተሸጧል። ኪሳራው የሚደርሰው ከጊዜው በፊት በሚሸጠው ላይ ነው ቢባልም፣ ዋናው ገንዘብ እስከሚመለስበት እስከ 2120 በሕይወት ለማይቆይ ግለሰብ ይህ እምብዛም አያጽናናም፤ ሰነዱ ይበልጥ የሚስማማው ለአሥርተ ዓመታት የሚዘልቅ የክፍያ ግዴታ ላለባቸው የጡረታ ፈንዶችና የመድን ድርጅቶች ነው።