ተጫዋቹና ታሪኩ፤ ስለ ቪዲዮ ጨዋታ አተራረክ አጭር ጥናት

የቪዲዮ ጨዋታ የሚጫወቱ ሰዎች ዘወትር ሲከራከሩበት ከሚሰማው ነገር አንዱ ይህ ነው፤ ጨዋታ እንደ ሲኒማ ታሪክ እየተረከ ተጫዋቹን በአንድ መንገድ ይዞት ይሂድ ወይስ ሰፊ አገር ከፍቶለት እንደ ፈቀደ እንዲሆን ይተወው? የመጀመሪያውን የሚወዱት ሁለተኛውን ባዶ ሜዳ ነው ይሉታል፤ ሁለተኛውን የሚወዱት ደግሞ የመጀመሪያውን አልፎ አልፎ ቁልፍ የሚጫኑበት ሲኒማ ነው እያሉ ይነቅፉታል። በዚህ ጽሑፍ የሁለቱን ወገን አስተያየት ከታወቁ ጨዋታዎች ጋራ እያገናዘብን ለመመርመር እንሞክራለን። እኛ እንደሚመስለን ክርክሩ ስለ ሲኒማው ርዝመት ወይም ስለ ሜዳው ስፋት አይደለም፤ ተጫዋቹ በእጁ የሚሠራው ሥራ ለታሪኩ ቁም ነገር አለው ወይስ የለውም የሚል ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እንለምናለን።

ጨዋታ ያለ ታሪክ ሊኖር እንደሚችል ማስረዳት አያስፈልግም። ገበጣ የሚጫወት ሰው ጠጠሮቹ እነማን እንደ ሆኑ አይጠይቅም፤ ማሸነፉ ይበቃዋል። ታሪክም ያለ ጨዋታ ይኖራል፤ ተረት የሚያዳምጥ ልጅ ጅቡ አህያዋን እንዳይበላት አጥብቆ ቢለምን እንኳ ተረቱ አይለወጥለትም። የቪዲዮ ጨዋታ ግን እነዚህን ሁለቱን በአንድ ቀንበር ስለ ጠመደ፥ አንዱ በሬ ወደ ፊት ሲስብ ሌላው ወደ ጐን መሳቡ የማይቀር ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1983 በአሜሪካ በሳንቲም በሚሠሩ የጨዋታ ሣጥኖች ላይ የወጣው «ድራገንስ ሌር» ዶን ብሉዝ ያዘጋጀው የካርቱን ፊልም ነበረ ለማለት ይቻላል። ፊልሙ በሌዘር ዲስክ የተቀረጸ ሲሆን፥ ተጫዋቹ ልክ በጊዜው ዘንጉን ወደ ተፈለገው አቅጣጫ ከገፋ ወይም የሰይፉን ቁልፍ ከተጫነ ጀግናው ያልፋል፤ ካልሆነ ይሞታል። ሥዕሉ ድንቅ ነበረ፤ ነገር ግን ለተጫዋቹ ከመገመትና ከማስታወስ በቀር ሌላ ሥራ አልተሰጠውም። ዛሬ በሲኒማ መሰል ጨዋታዎች ላይ የሚሰነዘረው ነቀፌታ ከሞላ ጐደል በዚያ ሣጥን ውስጥ ተጠቃልሎ ይገኛል።

በ1998 ሁለት ጨዋታዎች ለዚሁ ጥያቄ ሁለት ተቃራኒ መልሶች ሰጡ። በጃፓን ሂዴዮ ኮጂማ የመራው «ሜታል ጊር ሶሊድ» ታሪኩን የሚነግረው ጨዋታውን እያቆመ፥ በሲኒማ አቀራረጽና በረዥም ንግግር ነው። በአሜሪካ ቫልቭ የተባለው ኩባንያ የሠራው «ሃፍ ላይፍ» ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከጀግናው ዓይን አይወጣም፤ ሰዎች ሲነጋገሩ ተጫዋቹ ጀርባውን ሰጥቶ ግድግዳውን ለማየት ይችላል። ብዙዎች ይህን እንደ ታላቅ ነጻነት ቈጥረው አመሰገኑት። ይሁን እንጂ ልብ ብሎ ላየው የ«ሃፍ ላይፍ» መተላለፊያ ከሌሎቹ የሰፋ አይደለም፤ ነጻ የወጣው ዓይን እንጂ እግር አይደለም።

የኮጂማ ሥራዎች የገጠማቸው አስተያየት ደግሞ የበለጠ ያስተምራል። በ2008 የወጣው አራተኛው «ሜታል ጊር ሶሊድ» በመጨረሻው ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚታይ ትርኢት ስላለበት፥ ተጫዋቹ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ ነበረበት፤ በዚህም ብዙ ተቀልዶበታል። በ2015 አምስተኛው ሲወጣ ነገሩ ተገለበጠ፤ ሰፊ አገር ተከፈተ፤ በሌሊትም ሆነ በቀን፥ በፈረስም ሆነ በእግር ወደ ጠላት ሰፈር መግባት ተፈቀደ፤ ከታሪኩም ብዙው ተጫዋቹ እየጋለበ በሚያዳምጣቸው ካሴቶች ውስጥ ተቀመጠ። ያን ጊዜ ደግሞ ታሪኩ ሳሳ፥ ሳይጠናቀቅም ቀረ የሚል ቅሬታ ተሰማ። ሰው የሰለቸውን ሲያጣው ይናፍቃል ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። እኛ ግን ሁለቱ ቅሬታዎች አንድ ናቸው እንላለን፤ በመጀመሪያው ታሪኩ ያለ ተጫዋቹ እጅ ይሄዳል፤ በሁለተኛው የተጫዋቹ እጅ ያለ ታሪኩ ይሠራል።

ነጻነት የተባለውን በሦስት ብንከፍለው ነገሩ ግልጽ ይሆናል፤ ይኸውም ወደ ወደዱት ቦታ የመሄድ፥ አንዱን ሥራ በወደዱት ዘዴ የመፈጸም፥ የታሪኩንም ፍጻሜ የመለወጥ ነጻነት ነው። ተጫዋቾች ሲከራከሩ አንዱ ስለ መጀመሪያው፥ ሌላው ስለ ሦስተኛው እየተናገረ ሳይደማመጡ ይለያያሉ።

በ2018 የወጣው «ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2» ለዚህ ዋና ምሳሌ ነው። ታሪኩ በ1899፥ በአሜሪካ የሽፍትነት ዘመን ሊያከትም በተቃረበበት ጊዜ፥ አርተር ሞርጋን የተባለውን ሽፍታ ይከተላል። ተጫዋቹ አገሩን እንደ ልቡ ይዞራል፤ አውሬ ያድናል፥ ዓሣ ያጠምዳል፤ የአርተር ጢም እንኳ ከቀን ወደ ቀን ያድጋል። ከታሪኩ ተልእኮዎች አንዱን በጀመረ ጊዜ ግን ደንቡ ይለወጣል። በታዘዘው መንገድ መጋለብ፥ በታዘዘው ሥፍራ መሸሸግ አለበት፤ ከመንገዱ ዘወር ብሎ በራሱ ብልኀት ልሞክረው ቢል ተልእኮው እንደ ከሸፈ የሚገልጽ ጽሑፍ ይመጣበታል። ቦታ ነጻ ነው፤ ዘዴ ግን ነጻ አይደለም ማለት ነው። ይህን የሚደግፉ ሰዎች የአርተርን አሳዛኝ ታሪክ በዚያ ሁኔታ ለመናገር ሌላ መንገድ አልነበረም ይላሉ። ይህ ክርክር ግማሽ እውነት ብቻ ያለው ይመስለናል። ጠባብ መንገድ በራሱ አያስቈጣም፤ በ2007 የጀመረው «አንቻርትድ» ከመጀመሪያው ጀምሮ ጠባብ ነበረ፤ የወደዱትም ወደውት ተጫውተዋል። የሚያስቈጣው ሰፊውን ሜዳ አሳይቶ በዋናው ሰዓት በሩን መዝጋት ነው።

በተቃራኒው በ2017 የወጣው የ«ዜልዳ» ጨዋታ፥ «ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ»፥ ቦታንም ዘዴንም ለቀቀ። ተጫዋቹ የመጀመሪያውን አምባ ጨርሶ የሚንሳፈፍበትን ጨርቅ ከተቀበለ በኋላ፥ ከፈለገ በቀጥታ ወደ ዋናው ጠላት ግንብ ለመሄድ ይችላል። ደራሲዎቹ ታሪኩን እንዳይበላሽባቸው ያደረጉት ብልኀት አለ፤ ዋናው ታሪክ ከመቶ ዓመት በፊት ያለቀ ነው፤ ተጫዋቹ በየቦታው የሚያገኘው ትዝታውን ነው። ያለፈውን ደግሞ ማንም በመዞር አያፋልሰውም። ዋጋውም አልቀረም፤ በተጫዋቹ ዓይን ፊት የሚፈጸመው ታሪክ ቀጭን ሆነ፤ የቀድሞውን «ዜልዳ» የሚወዱ ሰዎችም በተራ የሚገቡባቸውን የጥንቶቹን ዋሻዎችና ከነሱ ጋራ የሚያድገውን ተረት ይናፍቃሉ።

ሦስተኛውን ነጻነት፥ ማለት ፍጻሜን የመለወጡን፥ ለመስጠት የሞከሩ አሉ። በ2012 የወጣው «ዘ ዎኪንግ ዴድ» በየጊዜው ለተጫዋቹ ምርጫ ያቀርብለታል፤ በየክፍሉም መጨረሻ ሌሎች ተጫዋቾች ከመቶ ስንቱ እንደሱ እንደ መረጡ ያሳየዋል። ዳሩ ግን የፈለገውን ቢመርጥ ጀግናው ሊ በመጨረሻ ከመሞት አይድንም። ይህን ሲያውቁ ተታለልን ያሉ አልጠፉም። ብዙዎች ግን ሊ ለትንሿ ክሌመንታይን ምን ዐይነት ሰው ሆኖ እንዳለፈ መምረጣቸው በቂ ሆኖላቸዋል። ከዚህ የምንረዳው፥ ሰው የግድ ዕጣውን መለወጥ እንደማይሻ፥ ነገር ግን በዕጣው ውስጥ የሠራው እንዲቈጠርለት እንደሚፈልግ ነው።

ሁለቱን አንድ ላይ አሟልቶ መስጠት የማይቻልበት ምክንያት ምንድን ነው ተብሎ ይጠየቅ ይሆናል። አንደኛው ምክንያት ገንዘብ ነው። በሲኒማ መልክ የሚሠራ ትርኢት ተዋንያን ይፈልጋል፤ እንቅስቃሴያቸው በሰውነታቸው ላይ በተለጠፉ ምልክቶች አማካይነት ይቀረጻል፤ ድምፃቸው ይቀዳል፤ ከዚያም ሠዓልያን ለወራት ይደክሙበታል። ታሪኩ በሁለት መንገድ ቢከፈል ሁለቱም መሠራት አለባቸው፤ እያንዳንዱ ተጫዋች ግን የሚያየው አንዱን ነው። ሁለተኛው ምክንያት ጊዜ ነው። ታሪክ ሰዓቱን ጠብቆ ካልሄደ ይቀዘቅዛል፤ ነጻ ሰው ደግሞ ሰዓት አይጠብቅም። በ2015 በወጣው «ዘ ዊቸር 3» ጌራልት እንደ ልጁ ያሳደጋትን ሲሪን ክፉ ጠላት ሳይደርስባት ለማግኘት ይፈልጋል፤ ነገር ግን ተጫዋቹ ከወደደ በየመጠጥ ቤቱ ካርታ ሲጫወት ይከርማል፤ ልጅቱም በትዕግሥት ትጠብቃለች። ይህን ስናይ ብንስቅም፥ ያንኑ የካርታ ጨዋታ ይውሰዱብኝ የሚል ተጫዋች አላጋጠመንም።

ነገሩ በምሁራን ዘንድም አከራክሯል። በ1997 አሜሪካዊቷ ጃኔት መሪ ኮምፒዩተር አዲስ የተረት መድረክ ይሆናል የሚል መጽሐፍ አወጣች፤ በዚያው ዓመት ኖርዌያዊው ኤስፐን ኦርሴት አንባቢው ራሱ የሚደክምባቸው ጽሑፎች ከተራ ትረካ ተለይተው መጠናት እንዳለባቸው ጻፈ። አሜሪካዊው የሲኒማ ሐያሲ ሮጀር ኢበርት ደግሞ በ2005 ጨዋታ በተጫዋቹ ምርጫ ላይ ስለሚቆም፥ ደራሲው ሁሉን ከሚወስንበት ከሲኒማና ከመጽሐፍ ጋራ ሊተካከል አይችልም አለ። በ2007 የጨዋታ አዘጋጁ ክሊንት ሆኪንግ ስለ «ባዮሾክ» ሲጽፍ፥ በጨዋታው ደንብና በታሪኩ መካከል ያለውን አለመስማማት የሚገልጽ አዲስ ስያሜ አመጣ። የሆኪንግ ክስ ይህ ነበረ፤ በደንቡ በኩል ተጫዋቹ ትንንሾቹን ልጆች ለጥቅሙ መሠዋት ወይም ማዳን ይችላል፤ በታሪኩ በኩል ግን አትላስ የተባለውን ሰው ከመርዳት በቀር ምርጫ የለውም።

ይሁን እንጂ ያው «ባዮሾክ» ከማንኛውም ጨዋታ ይልቅ ለኢበርት መልስ የሚሆን ይመስለናል። (ጨርሶ ያልተጫወተው አንባቢ ይቅርታ ያድርግልን።) በባሕር ሥር በተሠራችው ከተማ ተጫዋቹ አትላስ በትሕትና የሚለምነውን ሁሉ ሲፈጽም ይቈያል፤ ጨዋታ ነውና መታዘዙን አይጠይቅም። በመካከሉ ያቺ የትሕትና ቃል ጀግናውን የምታስገድድ ምልክት እንደ ነበረች ይገለጥለታል። ወዲያውም ዘንጉ ከእጁ ይወሰዳል፤ የከተማይቱን ጌታ አንድሩ ራያንን የራሱ ጀግና ሲደበድብ ቆሞ ያያል። ይህ ትርኢት ነጻነትን የሚነጥቅ ነው፤ ነገር ግን መነጠቁ ራሱ የታሪኩ ፍሬ ነገር ስለ ሆነ፥ ተጫዋቹ አይሰለችም፤ ይደነግጣል። ሲኒማ ይህን ሊያደርግ አይችልም፤ ተመልካች ያልያዘው ነገር አይወሰድበትምና።

በ2013 የወጣው «ዘ ላስት ኦፍ አስ» ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በመጨረሻው ጆኤል ልጅቱን ኤሊን ከሚያድንበት የሕክምና ክፍል ሲደርስ፥ ቀዶ ጥገናውን ሊያደርግ የተዘጋጀው ሐኪም ቆሞ ይጠብቃል። ተጫዋቹ መግደል ባይፈልግም ጨዋታው አይቀጥልም፤ ቢቈይም ማንም አይገላግለውም። ሲኒማ አድርገው ቢያሳዩት ኖሮ ጥፋቱ የጆኤል ይሆን ነበር። ቁልፉን ግን የሚጫነው ተጫዋቹ ነው። አንዳንዱ ተጫዋች ያልመረጥኩትን ኀጢአት አሸከሙኝ ይላል፤ ሌላው ደግሞ ጆኤልን የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው ይላል። በ2020 የወጣው ሁለተኛው ክፍል የዚያን ሐኪም ልጅ አቢን አምጥቶ፥ የጨዋታውን ግማሽ ያህል በሷ እጅ እንድንሄድ፥ ከኤሊም ጋራ እንድንዋጋ አስገደደን፤ ቍጣውም ታላቅ ሆነ። ከቍጣው ከፊሉ ከጨዋታው ውጭ በሆነ ጉዳይ የመጣ ስለ ሆነ አናነሣውም። ከእውነተኛው ቅሬታ ግን አንዱ ነጥብ ክብደት አለው፤ በግድ የተሠራ ሥራ ጸጸት ያመጣል ወይ? እኛ በመጀመሪያው ክፍል ያመጣል፥ በሁለተኛው ግን አንዳንድ ጊዜ በመደጋገሙ ደንዝዟል እንላለን፤ ተጫዋቹ እንደሚገደድ አስቀድሞ ካወቀ፥ እጁ ቢጫንም ልቡ አይከተልም።

ደራሲ የሌላቸው ታሪኮችም አሉ። በ2011 ተጠናቆ የወጣው «ማይንክራፍት» ይህ ነው የሚባል ትረካ ሳይኖረው፥ ሽያጩ በ2023 ከ300 ሚሊዮን በላይ መድረሱ ተነግሯል። ሰው እንዲህ ያለውን ጨዋታ ሲያወራ ብናዳምጥ «በሌሊት መብራት አልቆብኝ ጕድጓድ ገባሁ» ይላል፤ ስለ «ዘ ላስት ኦፍ አስ» ሲያወራ ግን «ጆኤል ገደለው» ይላል። ስለዚያ ስለ ሕክምና ክፍል ሲጠየቅ ብቻ አንዳንዱ ተሳስቶ «ገደልኩት» ይላል። ይህች የግሥ ለውጥ ለጥናታችን ከማናቸውም ክርክር የበለጠ ጠቃሚ ናት፤ ተጫዋቹ ሥራውን የራሱ አድርጎ እንደ ተቀበለ የምታሳይ ናትና።

በአገራችን ይህን መጠይቅ ለማካሄድ የሚያስብ ተማሪ አንድ ነገር ያስተውል። በአዲስ አበባ የፕሌይስቴሽን ቤቶች ሒሳብ የሚከፈለው በጨዋታ ወይም በሰዓት ስለ ሆነ ዘወትር የሚመረጠው የእግር ኳስ ጨዋታ ነው፤ ተራ ጠባቂዎች ከኋላው ቆመው ሳለ የአንድ ሰዓት ትርኢት የሚመለከት ሰው አይገኝም። ስለዚህ እዚያ ያለው ወጣት ሲኒማ መሰሉን ጨዋታ አልወድም ቢል፥ መልሱ ስለ ኪሱ ይሁን ስለ ጣዕሙ መለየት ያስፈልጋል። በቤቱ ጨዋታውን በራሱ ጊዜ የሚጫወተውን ለብቻ፥ ተከራይቶ የሚጫወተውን ለብቻ፥ ከኋላ ቆሞ የሚያየውንም ለብቻ መጠየቅ ይሻላል። ቆሞ የሚያየው ዘንግ ሳይዝ በሌላው እጅ የሚፈርድ ስለ ሆነ፥ ግብ ሲገባ «አገባሁ» አይልም፤ «አገባ» ወይም «አገባን» ይላል። የትኛውን እንደሚል መዝግቦ መያዝ ነው።