መርከበኛው ከበሽሎ ማዶ

ከደሴ ወደ መካነ ሰላም የሚሄደው አውቶቡስ አቀስታ ላይ ሲቆም፣ አጠገቤ የተቀመጡ የቦረና አዛውንት ወደ መቅደላ አቅጣጫ አመለከቱኝ። «እንግሊዝ ያን ገደል በባሕረኛ ወጣው ይላሉ። ባሕር በሌለበት ባሕረኛ ምን ሊሠራ፣ ልጄ?» አሉኝ። ነገሩ ሲከነክነኝ ከረመ።

ባሕረኞቹስ ነበሩ። በ1860 ዓ.ም. የስቅለት ዕለት፣ ሚያዝያ 3፣ የበሽሎን ወንዝ ተሻግረው እሮጌ ላይ በበቅሎ የተጫነ ሮኬት የተኮሱት የባሕር ኃይል ሰዎች ናቸው። እንግሊዝ በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ የከፈተችው የዚያ ዘመቻ ጂኦግራፈር ክሌመንትስ ማርካምም የቀድሞ ባሕረኛ ነበር።

ማርካም በ1830 (እ.ኤ.አ.) ዮርክሸር ተወለደ፤ 14 ዓመት ሳይሞላው ባሕር ኃይል ገባ። በሰሜን ዋልታ በረዶ የጠፋውን አሳሽ ፍራንክሊንን ፍለጋ ሄዶ፣ በ1851 መለዮውን አወለቀ። ዩኒቨርሲቲ የሚባል ደጃፍ ሳይረግጥ፣ የጥንት ባሕረኞችን የጉዞ መዛግብት የሚያሳትመውን የሃክሉት ማኅበር ከ1858 ጀምሮ በጸሐፊነት 28 ዓመት አገለገለ። የስፓኝ መርከበኞችን ጽሑፍ ራሱ ተረጎመ፤ የዘመዱን የአድሚራል ጆን ማርካምን ደብዳቤዎች አዘጋጀ፤ በብዙ ቅጽ በታተመው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ታሪክም ድርሻ አለው። መሀል ላይ የወባ መድኃኒት የሚወጣበትን የሲንኮና ችግኝ ከፔሩ ወደ ህንድ አሻግሯል (ይህ ብቻውን መጽሐፍ ይወጣዋል)። በ1916 አልጋው ላይ በሻማ ሲያነብ እሳት ተነስቶበት ሞተ።

ማርካም በ1869 (እ.ኤ.አ.) ያሳተመው የዘመቻ ታሪክ የዐፄ ቴዎድሮስን ጥፋት ቢቆጥርም፣ እንደ ጀግና መሞታቸውን አልካደም። ለሟች ክብር መስጠቱን እወድለታለሁ። ያው ዘመቻ ግን የመቅደላን መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን አራቁቶ፣ ምርኮውን ደላንታ ሜዳ ላይ በሐራጅ ሸጧል። የብሪቲሽ ሙዚየም ወኪል ሪቻርድ ሆልምስም ከገዢዎቹ አንዱ ነበር። ወደ 350 የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት ዛሬ ለንደን ናቸው።

«ሰውየው ያየውን ጻፈ፤ ጥሩ! የእኛ ሰው የጻፈውን ግን ጭነው ሄዱ» አሉ አዛውንቱ፣ ይህን በኋላ ሳጫውታቸው። ቀጠሉና «ልጆቻችን የአያታቸውን ድጓ ለማየት ቪዛ ይለምኑ?» አሉ። የብራናዎቹ ቅጂ ደሴ ይደርስ እንደሆነ የጠየቅኋቸው አንድ የባህል ኃላፊ «በሂደት ላይ ነው» ብለው ስልኩን ዘጉት።

በመጋቢት 2011 ዓ.ም. የዐፄ ቴዎድሮስ ጸጉር ከእንግሊዝ ተመለሰ። የብሪቲሽ ሙዚየም 11 ታቦታት እዚያው ናቸው። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዝ የተቀበረው የልጃቸው የልዑል ዓለማየሁ አጽም ይመለስ የሚለውን ጥያቄ የባኪንግሃም ቤተ መንግሥት ውድቅ አድርጓል፤ ምክንያቱ በአካባቢው የተቀበሩትን ሳይነኩ ማውጣት ያዳግታል የሚል ነው።